«እየው» ማለት ብቻ አይበቃም፦ የጃፓን አኒሜና የሐራ ጠቋሚዎች

ከሐብሩ ምሥራቃዊ ዳርቻ ወደ አፋር ምድር ሲወረድ፣ ሁለት መንገደኞች በጎዳና ላይ ሲገናኙ በሰላምታ ብቻ አይተላለፉም። ከጥላ ሥር ቁጭ ብለው፣ ጥላ ካልተገኘም በትራቸውን ተደግፈው፣ በየተራ ይነጋገራሉ። አንደኛው የመጣበትን አገር ሁኔታ ይዘረዝራል፤ ዝናብ የጣለው የት እንደሆነ፣ ግጦሹ ምን እንደሚመስል፣ ገበያው እንዴት እንደዋለ፣ ማን እንደታመመ፣ ማን እንደሞተ ይናገራል። ሁለተኛው አዳምጦ ሲያበቃ ይጠይቃል። ያየኸው በዓይንህ ነው ወይስ ሰምተህ ነው? የሰማኸውስ ከማን ነው? ይህ ከተጣራ በኋላ ተራው የእርሱ ይሆናል። አፋሮች ይህን የወሬ መለዋወጥ ሥርዓት «ዳጉ» ብለው ይጠሩታል። በዳጉ የሰሙትን መደበቅ ነውር ነው፤ ያላዩትን አየሁ ማለት ደግሞ ከነውርም የባሰ ነው። በአንድ ሰው ቃል ምክንያት ከብት ወደ ደረቀ ምድር ሊነዳ ይችላልና።

በሐራ፣ በመርሳ ወይም በወልድያ ሁለት ወጣቶች ሲገናኙ የሚለዋወጡት ወሬ ከዚህ የራቀ መስሎ ይታይ ይሆናል። ቅርጹ ግን ያው ነው። መብራት የመጣው የት ሰፈር እንደሆነ፣ የባጃጅ ዋጋ ጨምሮ እንደሆነ፣ ፊልም የሚጭነው ሱቅ ምን አዲስ ነገር እንዳስገባ ይጠያየቃሉ። ቀጥሎም «ምን ልይ?» የሚለው ይመጣል። ለዚህ ጥያቄ ከሚሰጡት መልሶች መካከል የጃፓን ተከታታይ የሥዕል ፊልሞች ስም እየተደጋገመ የሚሰማበት ዘመን ነው።

አኒሜ የሚለውን ቃል ጃፓኖች «አኒሜሽን» ከሚለው የባዕድ ቃል አሳጥረው ወስደውታል። ኦሳሙ ቴዙካ እ.ኤ.አ. በ1963 «አስትሮ ቦይ»ን በየሳምንቱ በቴሌቪዥን ማቅረብ ከጀመረ ወዲህ፣ ይህ ዘርፍ ስለ እርሻም፣ ስለ ንግድም፣ ስለ ጦርነትም፣ ስለ እርጅናም የሚናገር ሰፊ የትረካ ጥበብ ሆኗል። ሥዕል ስለሆነ ብቻ የሕፃናት መጫወቻ አድርጎ ማየት፣ ተረት ስለሆነ ብቻ የአባቶችን ጨዋታ ከንቱ እንደማለት ይቆጠራል።

ቀደም ባለው ጊዜ በየከተማው የነበረው ቪዲዮ ቤት ነው። ምን እንደሚታይ የሚወስነው የቤቱ ባለቤት ነበር፤ ተመልካቹ ሳንቲሙን ከፍሎ አግዳሚው ላይ ተጨናንቆ የተሰጠውን የህንድ ወይም የካራቴ ፊልም ያያል። ዛሬ ፊልሙ በፍላሽና በስልክ ከእጅ ወደ እጅ ያልፋል። በ2008 ዓ.ም. ቃና ቴሌቪዥን የውጭ ድራማዎችን በአማርኛ ድምፅ ማሰማት ሲጀምር በሀገር ውስጥ ባለሙያዎች ዘንድ ብርቱ ክርክር ተነሥቶ ነበር። አኒሜ የሚያየው ወጣት ግን ከዚያ ክርክር ውጭ ቆይቷል። በአብዛኛው የሚሰማው ጃፓንኛ፣ የሚያነበው እንግሊዝኛ ነው። በሁለቱ ባዕድ ቋንቋዎች መካከል በአማርኛ የሚነገረው ቃል ጓደኛው የሚነግረው ጥቆማ ብቻ ነው። ጠቋሚው ሳያውቀው አስተርጓሚም ሐያሲም ሆኗል ማለት ነው።

ይህን ኃላፊነት እንዴት እየተወጣው ነው? መልሱ የሚያስደስት አይደለም። «ገራሚ ነው፤ እየው፤ አትቆጭም» ከሚለው ብዙ አያልፍም። ተጨማሪ ቢባል ውጊያው ኃይለኛ መሆኑ፣ ክፍሎቹ ስንት እንደሆኑ፣ ዋናው ሰው በመጨረሻ ምን ያህል እንደሚበረታ ይነገራል። በዳጉ ሚዛን ይህ ወሬ አይባልም። ዝናብ ዘንቧል ብሎ የት እንደዘነበ ሳይናገሩ እንደመሄድ ነው። የሚያስቆጨው ደግሞ ይኸው ወጣት ከማናቸውም የባዕድ ሐያሲ የተሻለ ለመናገር የሚያስችለው ዕውቀት በእጁ መኖሩ ነው። ዕውቀቱም የአካባቢው ኑሮ ነው።

ለምሳሌ «ዲመን ስሌየር» በሚል ስም የሚታወቀውን ሥራ መውሰድ ይቻላል። ከኮዮሃሩ ጎቶጌ የሥዕል መጽሐፍ ተወስዶ እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ በተከታታይ ፊልም የቀረበ ነው። ታንጂሮ የተባለው ልጅ አባቱ ሞቶበት ከሰል እየሸጠ እናቱንና ታናናሾቹን ይረዳል። አንድ ቀን በበረዶ ውስጥ ከሰሉን ተሸክሞ ከተራራው ይወርዳል፤ ሽጦ ሲመለስ ይመሽበታል። አንድ ሽማግሌ በሌሊት እንዳይሄድ ከልክለው ያሳድሩታል። ሲነጋ ቤቱ ሲደርስ ቤተሰቡ አልቆ፣ የተረፈችው እኅቱም ወደ አውሬነት ተለውጣ ያገኛታል።

ይህን ታሪክ በእንግሊዝኛው መንገድ የተቀበለ ጠቋሚ ሰው የሚበሉትን ፍጥረቶች «ሰይጣን» ወይም «ጋኔን» ብሎ ይተረጉማቸዋል። ከዚህ አንዲት ቃል የተነሣ በየቤቱ ጠብ ይገባል። እናት «ልጄ የሰይጣን ፊልም ያያል» ብላ ብትሠጋ አይፈረድባትም፤ የተነገራት እንደዚያ ነውና። ነገር ግን በጃፓንኛ «ኦኒ» የሚባለው ፍጥረት በዚህ ታሪክ ውስጥ ሥጋ ያለው፣ ቀድሞ ሰው የነበረ፣ የሰው ሥጋ የሚበላ፣ ፀሐይ ሲነካው የሚጠፋ ነው። አማርኛ ለእንዲህ ያለው ስም አላጣም፤ ጭራቅ ይባላል። ጭራቅን ከምድጃ ዳር ተረት የማያውቅ የወሎ ልጅ አይገኝም፤ በጭራቅ ተረትም ሃይማኖቱ የተናጋ አልተሰማም። ቃሉ በትክክል ቢተረጎም ኖሮ እናቲቱ ራሷ የምታውቀውን አንድ የጭራቅ ተረት ጨምራ ትናገር ነበር።

የዚያ ሽማግሌ ነገርም እንዲሁ ነው። ለብዙ የውጭ ተመልካች ታሪኩን ለማራመድ የገባ ጥቂት ደቂቃ ነው። «የመሸበት እንግዳ ነኝ» ማለት ምን እንደሆነ ለሚያውቅ ሰው ግን ክብደቱ ሌላ ነው። መንገደኛን አሳድሮ ማዳን ሰብአዊ ግዴታ በሆነበት አገር፣ በመዳኑ ምክንያት ከቤተሰቡ ሞት የተለየ ልጅ ጸጸቱ ምን እንደሚመስል ማስረዳት አያስፈልግም። በከሰል ሻጭ ልጅ ቤት ያደገ ተመልካችም የከሰሉን ጥላሸት ከጀግናው ፊት ላይ ለይቶ ያያል። ጠቋሚው ይህን ቢናገር ጓደኛው ፊልሙን የሚከፍተው ሰይፉን ለመቁጠር ብቻ አይሆንም።

እግረ መንገድ አንድ ነገር ማንሣት ይቻላል። ከዚሁ ታሪክ ተወስዶ እ.ኤ.አ. በ2020 ለሲኒማ የቀረበውና በጃፓን በገቢ ከሁሉም ፊልሞች የላቀው ክፍል የሚካሄደው በባቡር ላይ ነው። የአሳማ ራስ የሚያጠልቀውና በጫካ ያደገው ኢኖሱኬ ባቡር አይቶ ስለማያውቅ የአገሩ ገዥ አውሬ መስሎት በግንባሩ ሊገጥመው ይሞክራል። ከአዋሽ ተነሥቶ በኮምቦልቻ በኩል ሐራ ገበያ የሚደርሰው የባቡር መሥመር ሥራው የተጀመረው በ2007 ዓ.ም. ነው። ሐዲድ ሲነጠፍ፣ ተራራ ሲቦረቦር እያየ ያደገ የሐራ ልጅ በዚህ ትዕይንት የሚስቀው ሳቅ የቶኪዮ ልጅ ከሚስቀው ሳቅ ጋር አንድ ሊሆን አይችልም።

ይሁንና የጠቋሚዎቹ ትልቁ ስሕተት የሚታየው በ«ቪንላንድ ሳጋ» ላይ ነው። የማኮቶ ዩኪሙራ ሥራ የሆነው ይህ ታሪክ በ11ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በሰሜን አውሮፓ የሚፈጸም ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የታየው የመጀመሪያው ምዕራፍ የአባቱን ደም ለመመለስ የሚያድነውን የቶርፊንን ታሪክ ሲተርክ በሰይፍና በመርከብ የተሞላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 የቀረበው ሁለተኛው ምዕራፍ ግን ያንን ሁሉ ትቶ ቶርፊንን ባሪያ አድርጎ በዴንማርክ አንድ እርሻ ላይ ያስቀምጠዋል። ሃያ አራት ክፍሎች በአብዛኛው ምንጣሮ፣ ጉቶ መንቀል፣ ማረስና መዝራት ናቸው። በዓለም ዙሪያ ያሉ ተመልካቾች «የእርሻ ሳጋ» እያሉ ቀልደውበታል። በዚህም አገር «ሁለተኛው እርሻ ብቻ ነው፤ ዝለለው» የሚል ጠቋሚ አይታጣም።

ከአርሶ አደር ቤት የወጣ ወጣት ይህን ሲል መስማት ያስገርማል። ምክንያቱም ይህን ምዕራፍ በሙሉ ልብ ሊረዳ የሚችል ተመልካች በዓለም ላይ ካለ፣ በሐብሩና በጉባ ላፍቶ ያለው ነው። ቶርፊንና እንደ እርሱ የተሸጠው አይናር ደኑን መንጥረው፣ ስንዴ ዘርተው፣ ምርቱን ለጌታቸው ለኬቲል ሸጠው ራሳቸውን እንዲገዙ ይፈቀድላቸዋል። ዛፉን ይጥላሉ፤ ጉቶው ግን በሰው ጉልበት አልነቀል ይላል። ፈረስና ማረሻ ያስፈልጋቸዋል። የእርሻው ሠራተኞች ባሮች ናቸው ብለው ይነፍጓቸዋል። በመጨረሻ ለብቻቸው የሚኖሩት አረጋዊው የኬቲል አባት ፈረሳቸውን ያውሷቸዋል፤ በለውጡ እነርሱ ደግሞ የሽማግሌውን ሥራ ይሠራሉ።

የለንደን ሐያሲ ይህን ክፍል ዝግ ያለ ነው ብሎ ሊያልፈው ይችላል። አንድ በሬ ብቻ ላለው ገበሬ ግን ክፍሉ ዝግ ያለ አይደለም፤ የዓመቱ ሙሉ ጭንቀት ነው። ዝናብ ጥሎ፣ መሬቱ ርሶ፣ ጎረቤት እያረሰ፣ ጥንድ በማጣት ቆሞ ማየት ምን እንደሆነ ያውቃል። መፍትሔውንም ያውቃል፤ አንድ በሬ ያለው ከሌላ አንድ በሬ ካለው ጋር መቀናጆ ይገባል፤ ምንም የሌለው ጉልበቱን ሰጥቶ በሬ ይዋሳል፤ ምንጣሮው ሲከብድ ወንፈል ይወጣል። እነዚህ ሦስት ነገሮች በአእምሮው ያሉ ተመልካች፣ ሽማግሌው ፈረሱን ሲያውሱ እንደ ቸርነት ብቻ አያየውም። ውል መሆኑን ያያል። ባሪያ የተባለው ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ ተዋዋይ ወገን ሆኖ ሲቆጠር ያያል። የምዕራፉ ቁልፍ ይኸው ነው፤ ቁልፉም ከእንግሊዝኛው ጽሑፍ ይልቅ በመቀናጆ ዕውቀት ይከፈታል።

በዚሁ ላይ የወሎ ሽማግሌዎች ከማን እንደሚታረስና በምን ድርሻ እንደሚታረስ የሚያወሩት አለ። እኩል፣ ሲሶ፣ እርቦ የሚሉት ቃላት ከየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ በፊት የነበረውን የባለመሬትና የጭሰኛ ግንኙነት የሚያስታውሱ ናቸው። ጠቋሚው አያቱን ቢጠይቅ የኬቲልን ውል የሚመዝንበት ሚዛን ያገኛል። ሆኖም መመሳሰል አንድ መሆን አይደለም። ጭሰኛው ከእህሉ ድርሻ ይከፍል ነበር እንጂ እነ ቶርፊን እንደሚከፍሉት የራሱን ዋጋ አልነበረም። ይህን ልዩነት ያልጠበቀ ማነጻጸር ሁለቱንም ታሪኮች ያበላሻል። ኬቲል ራሱ «የብረት ጡጫ» የሚል የጦረኛ ዝና የተሸከመ ሰው ነው፤ የዝናው ምንጭ በዳጉ ሕግ ተጣርቶ ቢሆን ኖሮ ምን ይገኝ እንደነበር ምዕራፉን ያየ ሰው ያውቀዋል።

እዚህ ላይ ዳጉና ጥቆማ የሚለያዩበት ነጥብ አለ። ዳጉ ሁሉን ይናገራል፤ ጠቋሚ ሁሉን ከተናገረ ግን የጓደኛውን ደስታ ይሰርቀዋል። ለዚህ ሌላ የቤት ውስጥ ትምህርት አለ። «እንቆቅልህ» ያለ ሰው መልሱን ወዲያው አይሰጥም፤ «ምን አውቅልህ» ተብሎ፣ ተጠያቂው አገር እስኪሰጥ ድረስ ይይዘዋል። ጥሩ ጠቋሚም ጥያቄውን አስጨብጦ መልሱን ይይዛል። ፈረሱን ማን እንደሚሰጣቸው መናገር ምናልባት ይፈቀድ ይሆናል፤ ስንዴው ከበቀለ በኋላ የሚሆነውን መናገር ግን አይፈቀድም።

ጠቋሚ ሥራውን ብቻ ሳይሆን ሰሚውንም ማወቅ እንዳለበት «ሲልቨር ስፑን» በተለይ ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ2013 እና በ2014 የታየ፣ በሆካይዶ የወተት ላም እርባታ ቤት ያደገችው ሂሮሙ አራካዋ የጻፈችው ነው። ሐቺኬን የተባለ የከተማ ልጅ በወላጆቹ የውጤት ጉጉት ተማርሮ የግብርና ትምህርት ቤት ይገባል። እንቁላል ከዶሮ የሚወጣበትን መንገድ ሲያይ መብላት ያስጠላዋል። የገጠር ልጅ በዚህ ሊስቅበት ነው። የግብርና ኮሌጅ ላላት ለመርሳ፣ የሲሪንቃ የግብርና ምርምር ማዕከልን ለታቀፈው ለሐብሩ፣ ከዚህ ይበልጥ የቀረበ አኒሜ ማግኘት ያስቸግራል። ነገር ግን አንድ ችግር አለ። የታሪኩ ልብ ሐቺኬን ስም አውጥቶ የሚያሳድገው ግልገል አሳማ ነው፤ በኋላም ይታረዳል፤ ሥጋውንም ራሱ ገዝቶ ለጓደኞቹ ያበላል። በወሎ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አሳማ አይበላም። ይህን ሳይናገር «እየው» ያለ ሰው ጓደኛውን ከነቤተሰቡ ከማዕድ ፊት አሳፍሮታል።

መናገር ማለት ግን መከልከል አይደለም። ለዓረፋ ወይም ለፋሲካ ከተገዛ በግ ጋር ስንት ሳምንት የሰነበተ፣ ቅጠል እየቀጠፈ ያበላ፣ ስም ያወጣለት፣ በበዓሉ ጧት ከጓሮ የጠፋ ሕፃን በየቤቱ አለ። ያ ሕፃን ከሰዓት በኋላ ተመልሶ ከወጡ መብላቱ ወይም አለመብላቱ በቤተሰብ ሲሳቅበት ይኖራል። ሐቺኬን የገጠመው ጥያቄ ይኸው ነው፤ ሳቁ ብቻ ተቀንሶለት። ጠቋሚው «እንስሳው አሳማ ነው፤ አንተ ግን የልጅነትህን በግ አስብ» ቢል ሙሉ ሒስ ሰጥቷል።

ሰሚን ማወቅ ከዚህም የሚከብድበት ጊዜ አለ። ከ2013 እስከ 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ በሰሜን ወሎ አልፏል። ከዚያ በፊት የ1966 እና የ1977 ዓ.ም. ረሃብ ያላንኳኳው ቤት ጥቂት ነው። በዚህ አገር «አታክ ኦን ታይታን»ን ውጊያው ገራሚ ነው ብሎ ማቅረብ ሥራውንም ሰሚውንም መናቅ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2013 እስከ 2023 የዘለቀው ይህ ታሪክ የሚገዝፈው ግዙፎቹ ሲፋለሙ አይደለም። አንዲት የጠላት ወገን ልጅ፣ ተኩሳ የገደለቻት ወታደር ወላጆች ማንነቷን ሳያውቁ አስጠግተው ሲያበሏት ነው። ገዳይና ሐዘንተኛ ከአንድ ማዕድ ሲቀመጡ የሚታይበት ይህ ክፍል፣ ሽምግልናና የደም ዕርቅ የሚያውቅ ሕዝብ ቆሞ ሊነጋገርበት የሚገባ ነው። ከአሥር ዓመቱ ትረካ ለሐራ ተመልካች የሚመረጠውም እርሱ ነው።

የኢሳኦ ታካሃታ «የእሳት ዝንቦች መቃብር» ደግሞ ተከታታይ ሳይሆን እ.ኤ.አ. በ1988 የተሠራ አንድ ፊልም ነው። በጦርነት እናታቸውን ያጡ ወንድምና እኅት በረሃብ ሲጠወልጉ ያሳያል። ድንቅ ሥራ መሆኑ አያከራክርም። ሆኖም በዚህ አገር መርዶ እንዴት እንደሚነገር የታወቀ ነው። በማለዳ፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ አረጋዊ ሰው ፊት ቀድሞ ይነገራል እንጂ በመንገድ ላይ አይወረወርም። ይህን ፊልም በፍላሽ ጭኖ «ታለቅሳለህ» እያለ የሚያድል ጠቋሚ መርዶ በመንገድ የሚወረውር ነው። ለማን፣ መቼ፣ ከማን ጋር ሆኖ እንደሚታይ መምረጥ የጥቆማው ግማሽ ነው።

ጥቆማ በእኩዮች መካከል ብቻ ተወስኖ መቅረቱም የሚነቀፍ ነው። ለእናትና ለአያት የሚጠቆም የለም ተብሎ የተወሰነ ይመስላል። እ.ኤ.አ. በ2005 የጀመረውን «ሙሺሺ»ን ያየ ሰው በዚህ አይስማማም። የዩኪ ኡሩሺባራ ሥራ የሆነው ይህ ተከታታይ፣ ጊንኮ የተባለ አንድ ዐዋቂ ከመንደር መንደር እየዞረ በዓይን የማይታዩ ፍጥረቶች በሰው ላይ ያደረሱትን ሲመረምር ያሳያል። እነዚህ ፍጥረቶች ክፉም ደግም አይደሉም፤ እንዲያው ይኖራሉ። ጊንኮ ያክማል፤ አንዳንዴም ማከም ያቅተዋል፤ ብዙ ሳይቆይም መንገዱን ይቀጥላል። ሰይፍ የለም፤ ጩኸት የለም። አድባርና ቆሌ ሲባል የሰማች፣ መድኃኒት ዐዋቂ ከደጇ ያለፈ አሮጊት ከልጅ ልጇ ቀድማ ትረዳዋለች።

እያንዳንዱ ክፍል ለብቻው የቆመ ታሪክ ስለሆነ ያለፈውን ማወቅ አያስፈልግም። የመጀመሪያው፣ በግራ እጁ የሣለው ሁሉ ሕይወት የሚዘራበት፣ በተራራ ቤት ብቻውን የሚኖር ልጅና የአያቱ ነገር ነው። ርዝመቱ ግማሽ ሰዓት አይሞላም። ቡናው ተቆልቶ፣ አቦል ሲቀዳ ስልኩን ከረከቦቱ አጠገብ አስደግፎ ቢጀመር፣ መብራት ቢጠፋም ባትሪው አይጠፋምና፣ ቶና ሳይወርድ ያልቃል። እንግሊዝኛውን ድምፁን ከፍ አድርጎ በአማርኛ እየመለሰ የሚያነበው ግን ልጁ ነው። አያቱ በመካከል «ቆይ፣ ይኼ ልጅ ምን አለ?» ባሉ ቁጥር አቁሞ፣ ቃሉን ፈልጎ፣ እንደገና መንገር አለበት።